ዋጋ እስኪጨምር ቡና ለመያዝ ላሰባችሁ፦ ወለዱን አስሉ

ብዙ አቅራቢዎች «ቡናውን ልሽጥ ወይስ ልያዝ?» ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ብድሩ ነው።

ለምሳሌ ቤት አስይዛችሁ በዓመት 18% ወለድ 5 ሚሊዮን ብር ተበደራችሁ እንበል። ወለዱ በወር 75,000 ብር ነው። በገንዘቡ 10,000 ኪሎ ከገዛችሁ በየወሩ በኪሎ 7.50 ብር ይበላል። ሦስት ወር ስትይዙት ዋጋው በኪሎ 22.50 ብር ካልጨመረ ኪሳራ ነው፤ የመጋዘን ኪራዩና የክብደት መቀነሱ ገና አልተቆጠረም።

ደመወዝተኛ በየወሩ ገቢ አለው። የእኛ ሥራ ግን ቡናው ካልተሸጠ ገንዘብ የለም፤ የባንኩ ቀን ደግሞ አይጠብቅም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ስለዚህ ቀኑ ሳያልፍ ለክፍያ የሚበቃውን ያህል ሽጡ። ካልሆነም የማራዘሚያ ጥያቄ በጽሑፍ አስገቡ።