በንብ ተመርጦ በአምፖል የጨረሰ ምክር ቤት

ግንቦት 16 ቀን 2007 ሽሮ ሜዳ፣ ቀጨኔ ወይም አዲሱ ገበያ ተሰልፎ ድምፅ የሰጠ የጉለሌ ነዋሪ በወረቀቱ ላይ ያገኛት የገዥው ግንባር ምልክት ንብ ነበረች። ያን ቀን የተመረጡት እንደራሴዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ወንበራቸውን ሲያስረክቡ ንቧ ከፖለቲካው ወጥታ ቦታዋን አምፖል ወስዶታል። በዚህ መሀል ጠቅላይ ሚኒስትር ተቀይሯል፣ መንግሥት የመሠረተው ግንባር ከስሟል፣ ከአራቱ መሥራቾቹ አንዱ ወጥቷል። የጉለሌን መራጭ ግን ዳግም ወደ ጣቢያ የጠራው አልነበረም።

ሕገ ወጥነት አልነበረም። ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ከሽሮ ሜዳ በስድስት ኪሎ በኩል ቁልቁል ወርደን አራት ኪሎ ያለውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አሠራር ማየት ያስፈልጋል።

ምክር ቤቱ 547 ወንበሮች አሉት፤ ሕገ መንግሥቱ የሚፈቅደው ጣሪያ 550 ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጉለሌን ጨምሮ ለመላው አዲስ አበባ የተመደበው 23 ብቻ ነው። በየምርጫ ክልሉ የሚያሸንፈው ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ነው፤ ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ሲሆን፣ ዓመታዊ ሥራው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ለመሰብሰብ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለበት። ከግማሽ በላይ ማለት 274 ነው፤ ይህ ቁጥር ሌላ ቦታም ያስፈልገናል።

ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሕዝብ በቀጥታ አይመርጠውም። አንቀጽ 56 እንደሚለው መንግሥት የሚያደራጀውና የሚመራው በምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጥምር ነው። ጥምሩ አብላጫውን አጥቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ቢፈርስስ? መልሱ አንቀጽ 60 ላይ አለ። ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎቹን ጠርቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ጥምር እንዲመሠርቱ ሊጋብዛቸው ይችላል። ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ይበተናል፤ በስድስት ወር ውስጥም አዲስ ምርጫ ይካሄዳል። እስከዚያ ድረስ የቀድሞው ገዥ የዕለት ተዕለት ሥራ ከማካሄድና ምርጫ ከማዘጋጀት በቀር አዲስ ሕግ ማውጣት፣ ነባሩንም መሻር አይችልም። የአንድ ሳምንቱን ጥድፊያ ልብ ይሏል። በ2002 የተመረጡ የቤልጂየም ፓርቲዎች መንግሥት ለመመሥረት 541 ቀን ሲደራደሩ ቆይተዋል።

ይህ አንቀጽ በእኛ አገር አንድም ቀን ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም። ጥምር ስላልነበረን አይደለም። የእኛ ጥምር የሚሠራው ከምርጫ በኋላ በምክር ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ከምርጫ በፊት በፓርቲ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ነው። ገዥው ግንባር ኢሕአዴግ ማለት ሕወሓት፣ ብአዴን፣ ኦሕዴድና ደኢሕዴን ነበሩ። የግንባሩ ምክር ቤት 180 አባላት ነበሩት፤ የሕዝባቸው ብዛት ምንም ቢለያይ አራቱም እኩል 45 ወንበር ይይዙ ነበር። የሶማሌ፣ የአፋር፣ የቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ የጋምቤላና የሐረሪ ገዥ ፓርቲዎች ደግሞ አጋር ይባሉ ነበር እንጂ በዚያ ጉባኤ ድምፅ አልነበራቸውም። የአገሪቱ መሪ ማን ይሁን የሚለው ክርክር የሚያልቀው እዚያ ነበር፤ አራት ኪሎ ያለው ምክር ቤት ያጸድቃል፣ ቃለ መሐላ ያስፈጽማል።

አቶ መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ሲያርፉ አራተኛው ምክር ቤት ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ መስከረም 11 ቀን 2005 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ግን አልተነካም። በአምስተኛው ምክር ቤትም እንዲሁ ሆነ፦ አቶ ኃይለማርያም የካቲት 8 ቀን 2010 መልቀቂያ አቀረቡ፣ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን በቦታቸው ተተኩ።

በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል የሆነ አንድ ነገር በምክር ቤቱ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች ይወራለታል። በ2007ቱ ምርጫ 500 ወንበሮች የኢሕአዴግ፣ የቀሩት የአጋሮቹ ነበሩ፤ አንድም ተቃዋሚ አልገባም። እንዲያም ሆኖ የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለድምፅ ሲቀርብ 88 አባላት ተቃወሙ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። አዋጁ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልግ ነበር። አፈ ጉባኤው መጀመሪያ ያስታወቁት የድጋፍ ድምፅ 346 ሲሆን፣ በኋላ 395 ነው ተብሎ ታረመ። የቁጥሩ ጉዳይ ብዙ አነጋግሯል። እኔን የሚገርመኝ ግን 88ቱ ናቸው። በፓርቲ ጽሕፈት ቤት በር ተዘግቶ የሚያልቀው የጥምሩ ጠብ ለአንድ ቀን አራት ኪሎ ድረስ ወጥቶ በቁጥር ታየ።

ከዚያ ኅዳር 21 ቀን 2012 ብልጽግና ፓርቲ ተመሠረተ። ከአራቱ ሦስቱ ከአጋሮቹ ጋር ተዋሐዱ፣ ሕወሓት አልገባም አለ። ጥምር ፈርሷል ማለት ይቻላል? በፖለቲካ አዎ። በሂሳብ ግን ትግራይ ያላት ወንበር 38 ነው፤ ያ ቢቀነስም አዲሱ ፓርቲ ከ274 እጅግ በላይ ይዟል። ስለዚህ አንቀጽ 60 አልተነሣም።

አንቀጹ በቁም ነገር ጠረጴዛ ላይ የቀረበው ከወራት በኋላ ነበር። ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊካሄድ የታሰበው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ሲቀር መንግሥት አራት አማራጮች አቀረበ፦ ምክር ቤቱን መበተን፣ አስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ወይም ማስተርጎም። የተመረጠው ትርጉሙ ነው። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኬሪያ ኢብራሂም ሰኔ 1 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ሰኔ 3 ቀን የሥራ ዘመኑ እንዲራዘም ተወሰነ። አምስቱ ዓመት ስድስት የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የተቃዋሚዎች ጥምርም የራሱ ታሪክ አለው፣ ጉለሌም ያስታውሰዋል። በ1997 መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ቀስተ ዳመናና የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ሊግ ተጣምረው ቅንጅት ሆኑ። ሁለት ጣት የሚያሳየው ምልክታቸው የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች በሙሉ ወሰደ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን። ከዚያ ግን ምክር ቤት እንግባ አንግባ በሚለው ተከፋፈሉ፣ መሪዎቹም ታሰሩ፤ ከተማዋ ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። ከምርጫው በፊት የጸና ጥምር ከምርጫው በኋላ ብዙ አልቆመም።

የዛሬው ስድስተኛ ምክር ቤት የተመረጠው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው፤ ሰልፉ ስለበዛ ድምፅ አሰጣጡ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ ነበር። በትግራይ ምርጫ ስላልተካሄደ 38ቱ ወንበሮች ባዶ ቀሩ። በዚያ ዙር ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 አገኘ። እንዲያም ሆኖ መስከረም 26 ቀን 2014 በተሾመው ካቢኔ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች የኢዜማው ብርሃኑ ነጋ የትምህርት፣ የአብኑ በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ የኦነጉ ቀጄላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሆኑ። ኦነግ ከምርጫው ራሱን ያገለለ ድርጅት ነበር። ሕጉ ሚኒስትር ከምክር ቤቱ ውጭ እንዲሾም ስለሚፈቅድ ይህ አያስቸግርም፤ ጥምር መንግሥት ብሎ መጥራት ግን ያስቸግራል። ዕቁብ ውስጥ አንድ አባል አልከፍልም ብሎ ሲወጣ ዕጣው ይናጋል፤ እነዚህ ሦስቱ ቢወጡ ግን ከብልጽግና ወንበሮች አንድም አይጎድልም ነበር። የተሰጣቸው ግብዣ ነበር፣ ጋባዡም ሲፈልግ ያነሣዋል።

ይህ ምክር ቤት ሥራ የጀመረው መስከረም 24 ቀን 2014 ስለሆነ አምስት ዓመቱ የሚሞላው በ2019 መባቻ ነው፤ ሕጉ የሥራ ዘመኑ ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት አዲሱ ምርጫ እንዲጠናቀቅ ያዛል። ውጤቱ ሲነገር የጉለሌ መራጭ 23ቱን የከተማውን ወንበሮች ቆጥሮ እንዳያበቃ። ከአገሪቱ ፓርቲዎች አንዱ ብቻውን 274 ከደረሰ የሚኒስትሮቹ ዝርዝር የዚያ ፓርቲ ምርጫ ነው። ማንም ካልደረሰ ግን ድርድሩ ከፓርቲ ጽሕፈት ቤት ወጥቶ ምክር ቤት ይገባል። ያኔ አምስት ወንበር ያለው ትንሽ ፓርቲ እንኳ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የሚፈልገውን ስም ይዞ ሊደራደር ይችላል።