ሸማኔው ያልሸመነው ቀሚስ

የበዓል ሰሞን ነው እንበል። ቴሌግራም ላይ የሀበሻ ቀሚስ የሚሸጥ ቻናል ትከፍታላችሁ። አንዱ ፎቶ ላይ ዓይናችሁ ይቀራል፦ ሞዴሏ እንከን የለሽ፣ ብርሃኑ የሲኒማ፣ ቀሚሱ መሬት የሚጠርግ፣ ጥለቱ ወርቅ በወርቅ። ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ችግሩ ሞዴሏ የለችም። ቀሚሱም የለም። ሁለቱንም የፈጠራቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በእኛው አጠራር ኤአይ ነው።

ከወዲሁ ልናገር፤ እኔ የኤአይ ፋሽን ምስል ጠላት አይደለሁም። እንዲያውም ማታ ማታ ስልኬ ላይ የማልሞክረው ልብስ የለም። ያለ ስቱዲዮ፣ ያለ ሞዴል፣ ያለ ሜካፕ ወጪ አንድን ሐሳብ በደቂቃ ውስጥ ማየት መቻል ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይ ገና ለጀመረች ዲዛይነር። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ምስሉን አይቶ የሚያዝዘው ሰውና ትእዛዙን የሚቀበለው ሸማኔ እንዴት ይግባባሉ?

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። እነ ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፊዩዥን እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕዝብ ሲከፈቱ ይዘውት የመጡት ዘዴ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ከኢንተርኔት የተሰበሰቡ እጅግ ብዙ ፎቶዎችን ከነመግለጫቸው ያያል። ፎቶዎቹ ላይ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን መንጫጫት ያለ ነጠብጣብ ይጨመርባቸዋል፤ እሱም ነጠብጣቡን እያጸዳ ምስሉን መመለስ ይለማመዳል። እናንተ «ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ» ስትሉት ከነጠብጣብ ብቻ ተነስቶ፣ ቃላችሁን የሚመስል ነገር እስኪወጣ ድረስ ያጸዳል። ስለዚህ የሚያውቀው ልብስ ምን እንደሚመስል ነው። ልብስ እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም።

ይሄ በሀበሻ ልብስ ላይ ወዲያው ይጋለጣል። «የኢትዮጵያ ባህላዊ ቀሚስ» ብዬ ብቻ ስጽፍ፣ ከሚመጡልኝ ምስሎች አንዳንዱ የሕንድ ሳሪ ጠርዝ፣ አንዳንዱ የምዕራብ አፍሪካ ጨርቅ ይቀላቅላል። የመስቀሉ ቅርጽ ከሩቅ ያምራል፤ በጣት አስፍታችሁ ስታዩት አንዱ ክንድ ከሌላው አይገጥምም። አንዴ ደግሞ ሳቂታ ሙሽራ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣችልኝ። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን መሆኑን ማን ይንገረው? አያቴ ብታየው «ማን ሞተ?» ማለቷ አይቀርም ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን ላላወቀ ሰው የማይታየው ነው። በእጅ ሽመና ላይ ድሩ በቁመት ይወጠራል፤ ማጉ በመወርወሪያ በአግድም ይገባል። ጥለት የሚወጣው ሸማኔው ክር እየቆጠረ ባለቀለሙን ሲያስገባ ነው። ጥለታችን ላይ ሦስት ማዕዘን፣ መስቀልና ደረጃ የመሰለ መስመር የሚበዛውም ለዚህ ነው። ኤአይ ደግሞ እንደ ሐረግ የሚጠማዘዝ ቅጠልና አበባ ያበዛል። እንዲህ ያለው በመርፌ የሚሠራ ጥልፍ ነው፤ ሌላ ሙያ፣ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ዋጋ። የጨርቁ ስፋትም ቢሆን የሸማኔው እጅ መወርወሪያውን ከሚያደርስበት አያልፍም። ሰፊ ቀሚስ የሚወጣው ቁራጮች ተጋጥመው ሲሰፉ ነው። የኤአይ ቀሚስ ግን ስፌት የለውም።

እንግዲህ ይህን ስክሪንሹት ይዛ ሽሮ ሜዳ የምትሄድ ሙሽራ አስቡ። ለሠርጓ አንድ ወር ቀርቷታል። ሸማኔው «ልጄ፣ ይሄ አይሸመንም» ቢላት ሌላ ጋ ትሄዳለች። «እሞክራለሁ» ቢላት ደግሞ የሚወጣው ልብስ ስልኳ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም። ያኔ ምስሉን የሚወቅስ የለም። የሚወቀሰው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ሲሸምን የከረመው ሰው ነው። ቀብድ፣ ክርክር፣ ኩርፊያ፤ ሁሉም በሌለ ቀሚስ ምክንያት።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ቮግ መጽሔት በኦገስት 2025 እትሙ ላይ ያወጣው የጌስ ልብስ ማስታወቂያ ሞዴሏ በኤአይ የተሠራች ስለነበረች ብዙ ቁጣ ቀስቅሷል። ይሁንና እዚያ ቢያንስ ገጹ ላይ በትንንሽ ፊደል ኤአይ መሆኑ ተጽፎ ነበር። በእኛ ቻናሎች ላይ ትንሿንም ፊደል የሚጽፍ ስንቱ ነው?

ታዲያ ምን ይሻላል? ምስል ለምትሠሩ፦ «ባህላዊ ቀሚስ» ብላችሁ አትለፉ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ በእጅ የተሸመነ፣ ደረቱና ታችኛው ጠርዝ ላይ ቀጥ ባለ መስመር የወጣ ጥለት፣ ቀለሙ ይሄ፣ የመስኮት ብርሃን፣ ብላችሁ ዘርዝሩ። ከሁሉም የሚሻለው የእውነተኛ ጨርቅ ፎቶ አስገብታችሁ «ጥለቱን ሳትነካ ሞዴል ላይ አልብስልኝ» ማለት ነው። ያም ሆኖ ጥለቱን አስፍታችሁ ከፎቶው ጋር አስተያዩት፤ ሲነካካው ይገኛል።

ለምታሠሩ፦ ምስሉን ለቀለም፣ ለቁመትና ለአንገት ቅርጽ ተጠቀሙበት። ጥለቱን ግን ሸማኔው ፊት ቁጭ ብላችሁ ምረጡ። የቱ ይሸመናል፣ የቱ ይጠለፋል ብላችሁ ጠይቁት፤ ዋጋውም ቀኑም በዚያው ይለያል።

ለምትሸጡ፦ «ምስሉ በኤአይ የተሠራ» ብሎ መጻፍ ደንበኛ አያባርርም። ደንበኛ የሚያባርረው የመጣለት ዕቃ ሌላ ሲሆን ነው።

ለምትገዙ ደግሞ፦ ጉግል በራሱ ኤአይ በሚሠሩ ምስሎች ላይ ሲንትአይዲ የሚባል በዓይን የማይታይ ምልክት ያስገባል። ምልክቱ ያልገባበትን የሌላ መሣሪያ ምስል ግን በዚህ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ እሱን አትመኩበት። ቀብድ ከመላካችሁ በፊት «ልብሱን በእጃችሁ ይዛችሁ በቪዲዮ አሳዩኝ፤ ጀርባውንም ገልብጡልኝ» በሉ። ቀሚሱ ካለ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።