የስፌት ቤት ብርሃን፦ ተረቱና እውነታው

በደብረ ታቦር የልብስ ሰፊ ሥራ የሚበዛው ሰማዩ በጠቆረበት ሰሞን ነው። ነሐሴ ሲገባ የተማሪ ዩኒፎርም ይመጣል፤ ዩኒፎርሙ ሳያልቅ የእንቁጣጣሽ ቀሚስና ሱሪ ይከተላል፤ ከዚያ መስቀል። በእነዚያው ሳምንታት የጉና ተራራ ደመና 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችውን ከተማ ይሸፍናታል። ሱቅ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ሰው ዝናቡን ሸሽቶ መኪናውን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ደግሞ ብርሃኑ ይሸሸዋል። «ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም» መባሉ ለሌላው ይሁን እንጂ ለልብስ ሰፊ አይሠራም።

ታዲያ አምፖል ፍለጋ የወጣ ሰው ብዙ ይነገረዋል። ካርቶኑ ላይ «ዴይላይት» የተባለው በየሱቁ አለ። ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ የሚልከው የጠረጴዛ መብራት ደግሞ «ሙሉ ስፔክትረም» የሚል ስም ይዞ ይመጣል፤ የፀሐይን ቀለማት በሙሉ ይሰጣል፣ ድካም ያስወግዳል፣ መንፈስ ያነቃቃል፣ ቫይታሚን ሳይቀር ያስገኛል ይባልለታል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነቱ ጥቂት ነው፤ ያቺ ጥቂት ግን ለሰፊ ትጠቅማለች።

ወሬውን ያስፋፋው ጆን ኦት የተባለ አሜሪካዊ ነው። ሐኪም አልነበረም፤ አበባ ሲፈካ ለቀናት ቀርጾ በደቂቃ የሚያሳይ የፊልም ባለሙያ ነበር። ከእጽዋት የጀመረውን ሐሳብ ወደ ሰው ጤና አሻገረው፤ አምፖል ሻጮችም እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በእነዚህ አምፖሎች ስም የሚነገረው የጤና ጥቅም አሳሳች መሆኑን አስጠነቀቀ። በ2001 ደግሞ ሼሊ ማኮልና ጄኒፈር ቪች የተባሉ ተመራማሪዎች እስከዚያ የተደረጉትን ጥናቶች አገላብጠው፣ ተአምር የሚያሰኝ ውጤት አለው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። «ሙሉ ስፔክትረም» የሚለው ስም ራሱ ሁሉም የተስማሙበት መለኪያ የለውም፤ ማንኛውም አምራች ደስ ሲለው ካርቶኑ ላይ ያትመዋል።

ቫይታሚኑን ቶሎ እንለፈው። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ዩቪቢ በሚባለው የፀሐይ ጨረር ነው፤ ይህን ጨረር የመስኮት መስታወት ያስቀረዋል፣ ተራው ኤል ኢ ዲ አምፖልም አያመነጨውም። ደጋ ላይ ጨረሩ ይበልጥ ይበረታል፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደጅ ወጥቶ ክንድን ለፀሐይ መስጠት ነው እንግዲህ።

የመንፈሱ ነገር ግን ረጋ ተብሎ መታየት አለበት። ክረምት ሲመጣ «ቀኑ አጠረ፣ ልብም ከበደ» የሚል ሰው ብዙ ነው። የቀኑ ነገር ግልባጩ ነው። የደብረ ታቦር ረጅሙ ቀን የሚውለው ሰኔ ውስጥ ነው፤ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። አጭሩ ሰማዩ ጥርት በሚልበት በታኅሣሥ ሲሆን 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ የሚሞላ ልዩነት የለም። ክረምት ቀኑን አያሳጥርም፤ ደመናው ብርሃኑን ያሳሳዋል እንጂ። ስቶክሆልም ለሚኖረው ወገናችን ነገሩ ሌላ ነው፤ በታኅሣሥ የሚያገኘው የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ የገለጹት ወቅታዊ ድብርት የሚከፋውም እንዲህ ባለው አገር ነው። ለእሱ የሚታዘዘው ሕክምና በጠዋት 10,000 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው) በሚሰጥ መብራት ፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል መቀመጥ ነው። ልብ ይበሉ፣ ሥራውን የሚሠራው የብርሃኑ ብዛትና ሰዓቱ ነው፤ የካርቶኑ ጽሑፍ አይደለም።

አንድ የቤት አምፖል ጠረጴዛ ላይ የሚያደርሰው ብርሃን መቶ ወይም ሁለት መቶ ሉክስ ቢሆን ነው። ደመና በሸፈነው ቀንም ቢሆን ደጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሺህ ሉክስ አለ። ሰውነታችን ቀንና ሌሊቱን የሚያስተካክለው በዓይን ሬቲና ውስጥ ባሉ ልዩ ሴሎች አማካይነት ነው፤ እነሱም የሚፈልጉት ይህን ብዛት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መኪናውን በረንዳ አውጥቶ የሚጀምር ሰፊ፣ ማንም ሳይመክረው ለጤናው የሚበጀውን አድርጓል። በእኔ ግምት ስለ ብርሃንና ስለ መንፈስ ለደብረ ታቦር ሰፊ ሊነገር የሚገባው ይኸው ነው።

አሁን ወደ መርፌው እንምጣ። «ነጩ አምፖል ይበልጥ ያሳያል»፣ «ሻማው የበዛው ይሻላል» የሚሉት ግማሽ እውነት ናቸው። ሻማ የምንለው ዋት የሚበላውን ኃይል ይነግረናል፤ የሚሰጠውን ብርሃን የሚነግረን ሉመን ነው። የአውሮፓ የሥራ ቦታ መብራት ደረጃ ለስፌት 750 ሉክስ፣ ቀለም ለማመሳከር 1,000 ሉክስ ይጠይቃል። እዚያ ለመድረስ የግድ ውድ አምፖል አያስፈልግም። ከጨርቁ 2 ሜትር ርቆ ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን አምፖል በባለሙያ አስወርደው 1 ሜትር ላይ ቢያደርጉት፣ ከእሱ በቀጥታ ጨርቁ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። የመኪናው ክንድ ከመርፌው በስተቀኝ ስለሆነ መብራቱ ከግራ በኩል ከፊት ቢመጣ ጥላ አይጥልም። ጭስ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ ብርሃን ይውጣል፤ ኖራ የተቀባው ይመልሳል።

ያቺ ጥቂት እውነት ያለችው ቀለም ላይ ነው። አንድ መብራት ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ሲ አር አይ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ጣሪያው 100 ነው። የተለመደው ኤል ኢ ዲ 80 አካባቢ ነው፣ ጥሩው 90ን ያልፋል። የሚገርመው የድሮው ባለ 60 ሻማ አምፖል በዚህ መለኪያ ወደ 100 ይጠጋል፤ ሆኖም ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያንሰው በእሱ ሥር ጥቁር ክርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ክር አይለዩም። ማታ በጥቁር ክር የተዘመዘመ ሰማያዊ የተማሪ ሱሪ ጉዱ የሚታየው ጠዋት ደጅ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን ይፈልጉ፦ ሲ አር አይ ከ90 በላይ፣ የብርሃኑን ነጭነት የሚነግረው ኬልቪን 5,000 አካባቢ።

ነጭ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ከፋብሪካ የወጣ ነጭ ክር ብዙውን ጊዜ ማንጫ ኬሚካል አለበት፤ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ልብስም እንዲሁ። ኬሚካሉ በዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ወደ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚለውጠው ነጩ ያንጸባርቃል። አብዛኛው ኤል ኢ ዲ ይህ ጨረር የለውም። በመሆኑም በእጅ የተፈተለ ጥጥና የፋብሪካ ክር አምፖል ሥር አንድ ነጭ መስለው ፀሐይ ላይ ይለያያሉ። ለሐበሻ ቀሚስ ክር ስትመርጥ ጨርቁን ይዛ በር ላይ የምትቆም ሴት ሲ አር አዩ ምንም ቢሆን አምፖል የማይሰጣትን ፍለጋ ነው የወጣችው።

ራስ ምታቱንም አንርሳ። መብራታችን በሰከንድ 50 ዙር ስለሚመላለስ ርካሽ አምፖል በየዙሩ ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። እ.ኤ.አ. በ1989 እንግሊዝ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ የሚርገበገበው ፍሎረሰንት መርገብገቡ በማይታወቅ ሲተካ የቢሮ ሠራተኞች ራስ ምታትና የዓይን ድካም ከግማሽ በላይ ቀንሷል። የስልክ ካሜራ ወደ አምፖሉ ሲያዞሩ ጥቁር ሰንበር እየተንሸራተተ ከታየ ያን አምፖል ከመኪናው ያርቁት።

«በደብዛዛ ብርሃን መስፋት ያሳውራል» የሚለው ደግሞ እውነት አይደለም። ዓይን ይደክማል፣ ራስ ያማል፤ ዕረፍት ሲያገኝ ይመለሳል። የሰፊን ዓይን የሚፈትነው ዕድሜ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ ይጠጥራል፣ የቅርቡ ይደበዝዛል፤ በ60 ዓመት ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ከሚደርሰው ሲሶ ያህል ነው። ይህ ሲሆን ብዙዎች አምፖል ይለውጣሉ፤ መነጽር ግን «ዓይን ያሰንፋል» ብለው ይፈራሉ። መነጽር ዓይን አያሰንፍም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ በሕንድ አሳም ከ40 ዓመት በላይ ለሆናቸው ሻይ ለቃሚዎች የቅርብ መነጽር ሲሰጣቸው ምርታማነታቸው ካልተሰጣቸው ከ20 በመቶ በላይ በልጦ ጨምሯል፤ ቅጠል ለቀማ ደግሞ ክር ከማስገባት የቀለለ ነው።

በዚያ ላይ አማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁት የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌን ሲቧጭር የሚመጣውን ሕመም የትኛውም አምፖል አያሽረውም። ስለዚህ ክር ማስገባት ካስቸገረዎ ወይም ዓይንዎ ከቆረቆረዎ፣ ለአዲሱ መብራት ያስቀመጡትን ገንዘብ ይዘው መጀመሪያ ዓይንዎን ያስመርምሩ።