ሐይፋን በእግራችን የተማርንበት በጋ



በተወለድንበት አገር ሐምሌ ሲገባ ክረምት ነው። ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ዘመድ ዘመዱን ለመጠየቅ መስከረም እስኪጠባ ይጠብቃል። እዚህ ግን ጁላይና ኦገስት ጠብታ ዝናብ የሌለባቸው የሐሩር ወራት ናቸው። ትምህርት ቤት ይዘጋና እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ ልጆች ቀኑን ሙሉ ከእኛ ጋር ይውላሉ። አዲስ የገባችሁ ቤተሰቦች «ይህን ሁሉ ቀን ምን እናድርግበት?» ስትሉ እንሰማለን። እኛም በጊዜያችን ይህንኑ ብለን ነበርና፣ የ1993ን በጋ እንዴት እንዳሳለፍነው እናጫውታችሁ።

እኛ አራት ቤተሰቦች ነን። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን መጣን። መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎም አኮ አጠገብ በነበረው በሐጽሮት ያሳፍ የካራቫን ሰፈር ተቀመጥን። በ1993 መጀመሪያ ላይ ሐይፋ፣ ሐዳር በሚባለው ሰፈር ገባን። ካራቫን ጠባብ ቢሆንም ቡና የሚጠራራ ጎረቤት ነበረበት። ሐይፋ ግን ደረጃው ብዙ፣ በሩ ሁሉ የተዘጋ ሆነብን። ልጆቻችን በአንድ ወር ውስጥ የአውቶቡሱን ቁጥር ሁሉ ለዩ። እኛ ወላጆች ቤት ውስጥ ቀረን። ከመካከላችን አንዲት እናት፣ «ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ ልጅ አዝዬ መጥቻለሁ፤ እዚህ ግን ገበያ ደርሼ መመለስ አቃተኝ» ብላ አለቀሰች።

ነገሩ የመንገድ ብቻ አልነበረም። በጁን መጨረሻ የአንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ለአባቱ ደብዳቤ ላከ። አንባቢው ያው ልጁ ነው። «ጎበዝ ተማሪ ነው ይላል» ብሎ ተረጎመ፤ አባትየውም ደስ ብሎት ልጁን መረቀው። ኋላ ደብዳቤውን ሌላ ሰው ሲያየው፣ ልጁ ብዙ ቀን ከክፍል ስለ ቀረ አባት መጥቶ ያነጋግረን የሚል ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ ግን ዝም አልን። ቋንቋውንም መንገዱንም ልጅ ብቻ ካወቀው፣ የቤቱ አባወራ ማን ሊሆን ነው?

በዚያው ሰሞን ቡና ላይ ተቀምጠን አንድ ነገር ቆረጥን። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ወላጅና ልጅ አብረን ከቤት እንወጣለን። ልጅ መንገዱን ያሳያል፤ ቲኬት የሚቆርጠውና መንገድ የሚጠይቀው ግን ወላጅ ነው። ስንቃችን ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ውሃ ነው።

የመጀመሪያው ጉዟችን በካርሜሊት ሆነ። ካርሜሊት ከካርሜል ተራራ ሥር በዋሻ ውስጥ የሚሄድ ባቡር ነው። በ1959 ሥራ ጀመረ፤ ከ1986 ጀምሮ ለጥገና ተዘግቶ ቆይቶ እኛ ከመግባታችን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1992 እንደገና ተከፈተ። ያቺ ያለቀሰችው እናት የዋሻውን አፍ ስታይ፣ «በቁሜ አልቀበርም!» ብላ ቆመች። ልጇ ሳቀባት። እኛ ግን እጇን ይዘን ገባን። ሠረገላው እንደ ደረጃ ሆኖ የተሠራ ነው፤ በወፍራም ገመድ እየተሳበ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ መካከል ላይም ይተላለፋሉ። ጣቢያዎቹ ስድስት ብቻ ናቸው። ከሐነቪኢም ተነሥተን ማሳዳ፣ ጎሎምብ፣ ከዚያም ጋን ሐኤም ደረስን። እሷም በጣቷ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች ቆጠረች። ከላይ ወጥታ ወደቡንና መርከቦቹን ቁልቁል ስታይ፣ «ለካስ ከተማው ይህን ያህል ነው!» አለች። በሳምንቱ ማንንም ሳታስከትል ብቻዋን ወጥታ ተመለሰች። ፊደል ባይነበብም ጣት ይቆጥራል።

ሁለተኛው ጉዞ ታልፒዮት ወደሚባለው ገበያ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ነጋዴው ቲማቲሙንም ፍራፍሬውንም በርካሽ እንደሚሸጥ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ከእኛ ፎቅ በታች የምትኖር ከሩሲያ የመጣች ሴት ነበረች፤ በአገሯ መሐንዲስ ነበረች፤ ሐይፋ ግን ደረጃ ትጠርግ ነበር። ገበያ ላይ ተገናኘንና ዘንቢል አጋዘችን። እኛ አማርኛ፣ እሷ ሩሲያኛ፣ መካከላችን ያለው የኡልፓን ዕብራይስጥ ብቻ። ቢሆንም ቡና ጠራናት፣ ሦስተኛውን እስክትጠጣም አለቀቅናት። እሷም በፋንታዋ ለልጆቻችን ሒሳብ ታስጠና ጀመር። ዕብራይስጥን አጥርታ ከማታውቅ ጎረቤት ጋር ዕብራይስጥ መለማመድ እንዴት እንደሚቀል አትጠይቁን፤ ሁለታችሁም ስትሳሳቱ ማንም አያፍርም።

ልጆቹ ግን የሚጨቀጭቁን ስለ ባሕር ነበር። ሽማግሌዎቻችን «የቲሻ ብአብ ጾም ሳያልፍ አይሆንም» ስላሉ፣ ጁላይ 27 ካለፈ በኋላ ወረድን። እዚህ ላይ የሠራነውን ስሕተት ሳንደብቅ እንነግራችኋለን። ዳዶ በሚባለው ዳርቻ ሕዝቡ ስለበዛብን፣ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልገን ራቅ ብለን ሄድን። ጸጥ ያለው ለካ ማጺል፣ ማለት የባሕር ጠባቂ፣ ስለሌለበት ነው። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን እስከ ወገቡ ገባ። ከዳር የሚመለሰው ውሃ እግሩን ጠልፎ ወደ ጥልቁ ወሰደው። ወደ እኛ ለመመለስ በታገለ ቁጥር እየራቀ ሄደ። እኛ የወንዝ ልጆች ነን፤ ባሕር ወደ ውስጥ እንደሚስብ ማን ነግሮን ያውቃል? እናቱ ልብሷን እንደለበሰች ልትገባ ስትል፣ አንድ የማናውቀው ጎልማሳ ሮጦ ገባና በጎን በኩል እየዋኘ አወጣው። ልጁ ውሃ ተፍቶ ተነሣ። የዚያን ዕለት ዳቦውን የቀመሰ ሰው የለም።

ሰውየው ቁጭ ብሎ በቀስታ አስረዳን። ባሕር ሲስብህ ፊት ለፊት አትታገለው፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝ፣ ከሳቢው ውሃ ስትወጣ ያን ጊዜ ወደ የብስ ተመለስ፤ ከደከመህም ተንሳፈፍና እጅህን አንሣ። ማጺል በሌለበት፣ ወይም ጥቁር ባንዲራ በተሰቀለበት ቀን አትግባ። ይህን ለልጆቻችሁ በቃላቸው አስጠኗቸው። ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆንም እንኳ ዓይናችሁን ከሕፃን አትንቀሉ።

ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ለሁለት ሳምንት ዝም አሉ። በኦገስት መጨረሻ ወደ ኤልያስ ዋሻ ወጣን። ዋሻው በካርሜል ግርጌ፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ነው፤ አይሁድም፣ ክርስቲያንም፣ እስላምም፣ ድሩዝም ያከብሩታል። የዚያን ቀን መንገዱን የመሩን ልጆች ሲሆኑ፣ ነገሩን የያዙት ግን ከእኛ ጋር የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ከመጽሐፈ ነገሥት ነገሩን፦ ዝናብ ስለ ጠፋበት ዘመን፣ ነቢዩ በካርሜል ላይ ስለ መጸለዩ፣ አገልጋዩም ሰባት ጊዜ ወደ ባሕር ተመልክቶ በሰባተኛው የሰው መዳፍ የምታህል ትንሽ ደመና ስለ ማየቱ። አንዱ ልጅ፣ «አባባ፣ የትኛው ባሕር ነው?» አላቸው። እሳቸውም በበትራቸው እየጠቆሙ፣ «ያውልህ! ያ ሊወስዳችሁ የነበረው ነዋ!» አሉት። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩ። ሲጠይቋቸው፣ ሲመልሱላቸው መሸ። ሽማግሌው ዕብራይስጥ ሰላምታ ብቻ ነበር የሚያውቁት፤ የዚያን ቀን ግን ከእኛ ሁሉ በላይ አገሩን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

ሲመለሱ ያ ደብዳቤ የተረጎመው ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀመጠ። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም። ትምህርት ሲከፈት ግን አባትየው ራሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ ልጄ አያስተረጉምልኝም፣ ትልቅ ሰው አምጡልኝ አለ። አመጡለትም።

ዛሬ ሐይፋ ብዙ ተለውጣለች። የባሃኢ አትክልት እርከን በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ፣ ሜትሮኒት የሚባለው ፈጣን አውቶቡስ በ2013 ሥራ ጀመረ፣ በ2022 ደግሞ በገመድ የሚሄደው ራኽባሊት ተጨመረ። እናንተ የገባችሁት ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል፤ ምክራችን ግን አንድ ነው። ልጆቻችሁ መንገድ ያሳዩአችሁ፤ ማፈር አያስፈልግም። እናንተ ግን አብራችኋቸው ሂዱ። ደብዳቤ ሲመጣ ትልቅ ሰው ያንብብላችሁ፤ ትምህርት ቤት ስትጠሩ አስተርጓሚ ወይም መጋሼር ጠይቁ። ጎረቤታችሁን ቡና ጥሩ። የምታውቁትንም ታሪክ ለልጆቻችሁ እዚያው ቦታው ላይ ቆማችሁ ንገሯቸው። ልጅ መንገዱን ቢያውቅ፣ መንገዱ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ወላጅ ነውና።

መልካም በጋ ይሁንላችሁ።