ጋዜጣው አልፎ ሥዕሉ ሲቀር

የዛሬ ጋዜጣ ነገ በሱቅ ውስጥ የስኳር መጠቅለያ ይሆናል። በላዩ የታተመው የፖለቲካ ካርቱንም ዕጣው ያው ነው። ሠዓሊው በገዛ እጁ የሣለበት ዋናው ወረቀትስ ወዴት ይሄዳል? ብዙው ከታተመ በኋላ ተጥሏል። ይህ ቁጭት ነው አንዳንድ ሰዎችን ወደ መሰብሰብ ያመጣቸው።

ኸርብሎክ እየተባለ የሚጠራው አሜሪካዊው ኸርበርት ብሎክ ሥራውን የጀመረ በ1929 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)፤ ከ1946 አንሥቶ እስከ 2001 ድረስ ለዋሽንግተን ፖስት ሲሥል ኖረ። በ1950 የሣለው አንዱ ካርቱን የሪፑብሊካን ፓርቲ ምልክት የሆነውን ዝሆን፥ የፓርቲው ሰዎች በሬንጅ ባልዲ ቁልል ላይ ውጣ እያሉ ሲጎትቱትና ሲገፉት ያሳያል። ከቁልሉ አናት ባለው በርሜል ላይ «ማካርቲዝም» ተብሎ ተጽፏል፤ ቃሉም ከዚያ ወዲያ መዝገበ ቃላት ገባ።

ኒክሰንንማ ሁልጊዜ ጢሙ ጠቁሮ ነበር የሚሥለው። ሰውዬው በ1968 ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ግን ኸርብሎክ ራሱን ጢም ላጪ አድርጎ ሣለና፥ ለአዲስ ፕሬዚዳንት ሁሉ አንድ ጊዜ በነጻ እንላጫለን የሚል ማስታወቂያ በቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ቸርነቱ ግን ብዙ አልቆየም።

አንባቢ ሆይ፥ ዋናውን ሥዕል ከታተመው ጋር ብታስተያይ ልዩነቱ ያስደንቅሃል። ዋናው በመጠን ይበልጣል። ከቀለሙ ሥር የእርሳሱ መሥመር ይታያል፤ የተሳሳተው በነጭ ቀለም ተሸፍኗል፤ አንዳንድ ቦታ ፊቱ እንደ ገና ተሥሎ በላዩ ተለጥፏል። በጋዜጣ ላይ ቆራጥ የሚመስለው እጅ በዚህ ወረቀት ላይ ሲያመነታ ታገኘዋለህ። የምትገዛ ከሆነ በማጉያ መነጽር ተመልከት፤ ጥቃቅን ነጠብጣብ ብቻ ካየህ የያዝኸው ኅትመት ነው።

ከገዢዎቹ መካከል የተቀለደባቸው ሹማምንት ራሳቸው መገኘታቸው ደግሞ ያስቃል። ከተሰደብን አይቀር ሰነዱ በእጃችን ይሁን ብለው ይሆናል።

አንድ ሥዕል ብቻውን ተሽጦ ሲሄድ ግን ከወንድሞቹ ይለያል። የጢም ላጪውን ቀልድ የሚረዳ፥ ከዚያ በፊት የነበረውን ጢም ያየ ሰው ነው። ስለዚህ በ2002 ከ14,000 የሚበልጡ የኸርብሎክ ዋና ሥዕሎችና 50,000 ያህል ረቂቆች አንድ ላይ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መሰጠታቸው ደግ ሥራ ነው እላለሁ። አንዱን ከግድግዳዬ ላይ ባየው ግን አልጠላም ነበር፤ ፀሐይ ወረቀቱን እንዳያደበዝዘው ከመስኮቱ አርቄ እሰቅለው ነበር።