የየቲሙ አማና ከቀለብ ያልፋል፤ ስለ ኤች.አይ.ቪ ከልጆቻችን ጋር እንነጋገር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ለየቲም ቀለብ፣ ልብስና ደብተር ማቅረብ ታላቅ ዒባዳ ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ለአቅመ አዳም፣ ልጅቷም ለአቅመ ሔዋን ሲቃረቡ ከዚህ ሌላ የሚሹት ነገር አለ፤ ይኸውም ስለ ሰውነታቸው ለውጥ፣ ስለ ዚና አደጋና ስለ ኤች.አይ.ቪ በእውነትና በርኅራኄ የሚነግራቸው ሰው ነው። ወላጆቹ በሕይወት ያሉለት ልጅ እንኳ ይህን ከቤቱ የሚሰማው ከስንት አንድ ነው። የቲሙማ ከአያት ወደ አጎት፣ ከአጎት ወደ አክስት ሲዘዋወር እያንዳንዱ አሳዳጊ «ሌላው ይነግረዋል» እያለ በዝምታ ያልፈዋል።

አደጋው ዛሬም አለ

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ዜጎች መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው 0.9 ከመቶ ነበሩ። ይህ አኃዝ ዝቅተኛ ቢመስልም ዝርዝሩ ያስጠነቅቃል። በሴቶች 1.2፣ በወንዶች 0.6 ከመቶ ነበር። በከተማ 2.9፣ በገጠር ደግሞ 0.4 ከመቶ ተመዝግቧል። ስለዚህ ከገጠር ወደ ከተማ የሚሄድ ወጣት ወደ ሚበልጥ አደጋ ይገባል፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ስጋቱ ይብሳል።

የሰሜን ሸዋን ሁኔታ በዚህ ዓይን እንመልከተው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፍቶባታል። ከአንኮበር ደጋና ከቁልቁለቱ ከአልዩ አምባ ወገን የሚመጣ ተማሪ ወይም የሥራ ፈላጊ ቤት ተከራይቶ ያለ አሳዳጊ ይኖራል። የቲሟ ልጅም በሰው ቤት ሠራተኝነት ልትቀጠር ትችላለች። እነዚህን ልጆች አስቀድሞ የሚመክራቸው ከሌለ ትምህርታቸውን የሚቀስሙት ከጓደኛና ከመንገድ ነው።

ሐያእ ዝምታ ማለት አይደለም

«ስለዚህ ነገር ከልጅ ጋር ማውራት ነውር ነው» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ሐያእ በእርግጥም የኢማን ክፍል ነው። ሆኖም ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) ሴት ልጅ በሕልሟ ኢሕቲላም ቢያጋጥማት ትጥበት ትገደድ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በግልጽ ጠይቃቸው በግልጽ መልሰውላታል። ኢማም አሕመድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አንድ ወጣት መጥቶ ዚና እንዲፈቀድለት በጠየቀ ጊዜ ሰዎች ሲቆጡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠግተው አስቀመጡት፤ ለእናቱ፣ ለሴት ልጁና ለእህቱ ይህን ይወድ እንደሆነ እየጠየቁ አስረዱት፤ ዱዓም አደረጉለት። አስቀድሞ ማቅረብ፣ ከዚያ ጠይቆ ማስረዳት የእርሳቸው ፈለግ ነው።

ይህ መንገድ በሌሎች አገሮችም ተሞክሯል። የኡጋንዳ እስላማዊ የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992 በኢማሞች አማካይነት ለቤተሰብ ስለ ኤድስ ማስተማር ጀመረ፤ ኢማሞችና ረዳቶቻቸው ሠለጠኑ፤ በጎ ፈቃደኞችም ቤት ለቤት እየዞሩ ቤተሰቦችን አስተማሩ። በኬንያ ከ9 እስከ 12 ዓመት ልጆች ላሏቸው ወላጆች የንግግር ዘዴ የሚያስተምር መርሐ ግብር ተካሂዷል። በአሜሪካ ማያሚ ከላቲን አሜሪካ ለመጡ ቤተሰቦች የተዘጋጀውም ሥልጠና ወላጅን የጥበቃው ዋና ተዋናይ ያደርጋል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከጉርምስና በፊት እንጀምር። አንድ ጊዜ ረጅም ተግሣጽ ከመስጠት ይልቅ ቡና ሲፈላ ወይም በሥራ መካከል ጥቂት በጥቂት መናገር ይሻላል። ለሴት ልጅ እናት፣ አክስት ወይም አያት፣ ለወንድ ልጅ አጎት ወይም ኡስታዝ ቢሆኑ ይቀላል።

ሁለተኛ፣ እውነቱን እንንገራቸው። ቫይረሱ ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በተበከለ ደምና ስለታም ነገር፣ ከእናት ወደ ልጅም በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ይተላለፋል። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥና በአንድ ቤት በመኖር አይተላለፍም።

ሦስተኛ፣ ልጁ የት እንደዋለና ከማን ጋር እንደሆነ እንወቅ። ከቤት ርቆ ለሚማር ልጅ በዚያው ከተማ የሚጠይቀው አንድ የታመነ ቤተሰብ እንፈልግለት። የተደፈረች ልጅ ብትኖር ሳትወቀስ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ትድረስ፤ በዚያ ጊዜ የሚጀመር መድኃኒት ቫይረሱ እንዳይዛት ይረዳታል።

አራተኛ፣ በቤተሰብ ሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን እናክብር። ከኒካሕ በፊትም ሁለቱም ተጋቢዎች ይመርመሩ።

ቫይረሱ በደማቸው ያለ የቲሞች

ከየቲሞቻችን መካከል ቫይረሱ ከልደታቸው ጀምሮ በደማቸው ያለ ልጆች ይኖራሉ። «የራስ ምታት ነው»፣ «የሳንባ ነው» እየተባሉ መድኃኒት የሚውጡ ልጆች እውነቱን በድንገት ከሌላ ሰው ሲሰሙ በአሳዳጊያቸው ላይ ያላቸው እምነት ይናጋል፤ መድኃኒቱንም ሊያቋርጡ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች ለትምህርት በደረሱበት ዕድሜ እንደየአቅማቸው ቀስ በቀስ እንዲነገራቸው ይመክራል። የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በአገራችን ያለ ክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ማግባትና ጤናማ ልጅ መውለድም ይችላል። ይህን ተስፋ ሳንነግራቸው የሕመሙን ስም ብቻ መንገር ግማሽ እውነት ነው።

ውድ ለጋሾችና ቤተሰቦች፣ የቲምን የምትረዱ ሁሉ በሚቀጥለው ጉብኝታችሁ ስለ ዱቄቱና ስለ ደብተሩ ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ይህን ልጅ ስለ ራሱ የሚያነጋግረው ማን ነው?» መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ከአሳዳጊው ጋር ተመካክራችሁ አንድ ሰው ሰይሙለት። እያንዳንዳችን እረኞች ነን፤ በጠባቂነታችንም እንጠየቃለን። አላህ (ሱ.ወ.) የቲሞቻችንን ይጠብቅልን፣ አማናችንንም የምንወጣ ያድርገን። አሚን።