የተጣበቀ የኦክስጅን ሴንሰር ስለ መንቀል

ከመኪና የጢስ ማውጫ ቱቦ ጋር በጥርስ የሚታሰረው የኦክስጅን ሴንሰር፥ በጢሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየለካ ሞተሩ የሚሻውን የቤንዚን ልክ ያስታውቃል። ሲበላሽም ቤንዚን በከንቱ ሊባክን ይችላል። ነገር ግን ሙቀትና ዝገት ስለሚያጣብቁት፥ በጉልበት የሚነቅለው ሰው የቱቦውን ጥርስ ያበላሻል፤ በሴንሰሩ ዋጋም ላይ የቱቦ ወጪ ይጨመርበታል።

ስለዚህ ሹፌሩ አስቀድሞ በቀዝቃዛው ጥርስ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፍስሶ ይቆይ። ቀጥሎም ሞተሩን ጥቂት አስነሥቶ ያጥፋው፤ ቱቦው ሞቅ ሳለ እጁን በጓንት ሸፍኖ ሽቦውን ከመጋጠሚያው ይለየው። አብዛኛውን ጊዜ ልኩ በሚሆነው በ22 ሚሊሜትር ቁልፍ፥ በጥቂቱ ወደ ማጥበቅ፥ ደግሞም ወደ መፍታት እያመላለሰ ያላቅቀው።

አዲሱ ሲገባ መጣበቅን የሚከለክለው ቅባት ከጥርሱ በቀር ጫፉን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህንንም መኪና የሚያዝዝ ሹም ሁሉ ለሹፌሩ ሊያስታውቀው ይገባል።